የተፈታውን ላክልኝ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዑበይዱላህ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ደኅና ነኝ፤ አጎቴ ጀማለዲንም ደኅና ናቸው፤ ሱቁም ክፍት ነው። ደብዳቤህን ከአዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌር ቢተው ራሱ ሱቅ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። «በዚህ ዘመን የሚጻጻፍ ሰው ያየሁት እናንተን ብቻ ነው፤ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ኢንተርኔቱ ጠፍቶ፣ ስልኩም እየተቆራረጠ ምን እናድርግ?» አልሁት። ለአንተ እውነቱን ልንገርህ፤ ስልኩ ቢሠራም ከባድ ነገር በወረቀት ቢሆን እመርጣለሁ። በስልክ የተባለ ነገር በኋላ «አላልሁም» ይባላል።

«ለምን ርካሹን ፕሮሰሰር ትፈልጊያለሽ? ውዱን ልግዛልሽ» ላልኸው አመሰግናለሁ፤ አልፈልግም። ነጋዴ ነኝ። ዕቃ የምመርጠው በሚሠራልኝ ሥራ እንጂ በስሙ አይደለም። የጥር ሠርግ ሊመጣ ነው። ሠርግ አስቀርጾ የሚያመጣልኝ ሁሉ ቪዲዮውን ቶሎ አቀናብሬ እንዳስረክበው ይፈልጋል፤ የኔ ማሽን ግን አንድ ሠርግ ሲያወጣ ይውልና ያድራል። የኮምፒውተር አንጎሉ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያዘገመብኝም እሱ ነው።

አንዳንድ ርካሽ ፕሮሰሰሮች ፋብሪካው ከወሰነላቸው ፍጥነት በላይ እንዲሮጡ ማድረግ ይቻላል፤ ባለሙያዎቹ ኦቨርክሎክ ይሉታል። በደምበጫ መንገድ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አይተሃል፤ ጉልበት አጥቶ ሳይሆን ልጓሙ ስለያዘው ነው ቀስ የሚል። ይህም እንደዚያ ነው። ፋብሪካው አብዛኞቹን ልጓማቸውን ቆልፎ ይሸጣቸዋል፤ ምንም ብታደርግ ከተወሰነላቸው አይፈጥኑም። ጥቂቶቹን ግን ፈትቶ ይለቃቸዋል። አራት ፈረስ እንደማለት ባለ አራት ኮር ሆኖ የተፈታ ከሆነ፣ እኔ ደግሞ ጥሩ ማቀዝቀዣ ካደረግሁበትና የማርቆስ ብርድ ከተጨመረበት፣ የውዱን ያህል ያገለግለኛል። ይህን የሚፈቅድ፣ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ከአንድ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ስለዚህ የተፈታውን ላክልኝ። አንተ የቴሌቪዥንና የዲሽ ነጋዴ ነህና ካልገባህ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ጎረቤት ጠይቅ።

«ሽማግሌ መቼ ልላክ?» ላልኸው መልሴ አልተለወጠም። እኔ ፈት ነኝ። አግብቼ ተፈትቻለሁ፤ ለአንተም በመጀመሪያው ቀን ነግሬሃለሁ። ለእናትህ ለእትዬ ሀጀራ ግን አንተው በአፍህ ንገራቸው። ከሌላ ሰው ከሰሙት እኔ ያታለልኋቸው ይመስላቸዋል፤ በውሸት የገባሁበት ቤት ደግሞ ቤቴ አይሆንም። ነግረሃቸው «ይሁን» ካሉ ሽማግሌህን ላክ። ካልነገርሃቸው አትላክ።

ሳጂዳ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ሳጂዳ፣

ሰላምታዬ ከመርካቶ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ይድረስሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ቢተውም ቢሆን «መንገድ ሳይከፈት ፍቅር አልጭንም» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። ዕቃውን አሁን በእጁ ልኬአለሁ። «በስንት ገዛኸው?» ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ስጦታዬ ነው።

ደግሞ አንቺ! የተፈታ ላክልኝ ትያለሽ? ወጪ እንዳይበዛብኝ አዝነሽልኝ መሆኑ ገብቶኛል። እዚህማ የተፈታ ሞልቷል፤ ከአሮጌ ማሽን እየፈቱ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ይሸጡታል። የማን እጅ እንደነካው፣ ለምን እንደተፈታ ማን ያውቃል? ለሌላ ሰው ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ለራሴ ሰው ግን የተፈታ ነገር አልገዛም። ባለሱቁን «እሽግ አምጣ» አልሁት፤ አመጣልኝ። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። እናቴም ካርቶኑን አይታ «እሽግ ነገር በረካ አለው» አለች።

ሰላም ትልሻለች። ስላነሣሽው ስለ ሌላው ጉዳይ ብዙ አትጨነቂ። እናቴ ልቧ ደካማ ነው፤ ነገር በዘዴ ካልተነገራት ትታመምብኛለች። በአካል ስንገናኝ እንነጋገርበታለን። ጋሽ ጀማለዲንን ሰላም በይልኝ። ናፍቀሽኛል።

ያንቺው ዑበይዱላህ


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዑበይዱላህ፣

የዋልሁበትን የምጽፍበት ማስታወሻ አለኝ። የተናደድሁ ቀን ደብዳቤ አልጽፍም፤ ንዴቱን እዚያ ላይ ጽፌ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ሳነበው አብዛኛው በርዶ ይገኛል። ይህንን ሳሳድረው ሰነበትሁ። አልበረደም።

በዕቃው ልጀምር። የላክኸው የተቆለፈ ነው። ሰክቼ ፍጥነቱን ልጨምርለት ስል መጨመሪያው ደብዝዞ ተቀምጧል፤ ቢነኩትም አይነካም። ማሽኑ እንደ ድሮው ያዘግማል። ከጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። «ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ ኬ የሚል ፊደል ያለበት» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ነጋዴ ለነጋዴ ሲያዝ ምልክት ይሰጣል፤ እኔ ግን ቃል ሰጠሁህ። ሌላው ግማሽ ያንተ ነው። «ጎረቤት ጠይቅ» ብዬህ ነበር። ስለ ልጓምና ስለ ፈረስ ያን ሁሉ ጽፌልህ ነበር። እሱን አላነበብኸውም። «የተፈታ» የምትለዋን ቃል ብቻ አይተህ ደነገጥህ።

የሉማሜው አቶ ዘመነ የልጃቸውን ሠርግ ቪዲዮ ሊወስዱ ትናንት መጥተው ነበር። «ልጄ፣ ሙሽሮቹ ወልደው ክርስትና ሊደግሱ ነው፤ የሠርጉን ቪዲዮ ከክርስትናው ጋር አንድ ላይ ልትሰጪኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሲወጡ ግን አንዱ ደንበኛ ተከትሏቸው ሲወጣ አየሁ፤ ሥራውን ሳይሰጠኝ።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብሁት። «የማን እጅ እንደነካው፣ ለምን እንደተፈታ ማን ያውቃል?» ትላለህ። አንተ ታውቃለህ። ጠይቀኸኝ ሁሉንም ነግሬሃለሁ። «ለራሴ ሰው የተፈታ ነገር አልገዛም» ትላለህ። ዲማ ቅኔ ቤት የተማሪ ፀጉር እስኪሸብት ሰሙን ከወርቁ ሲለይ ይኖራል ይላሉ። እኔ የቁርአን ቤት ልጅ ነኝ፤ ያንተን ወርቅ ለማውጣት ግን ያፈላሁት ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም። ስትጽፈው ስለ ፕላስቲክና ስለ ካርቶን እንደነበር አምንልሃለሁ። ልትሰድበኝ አስበህ አይደለም። ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ፤ ሰው አስቦ ሲሰድብ ቃል ይመርጣል፤ ሳያስብ ሲሰድብ ግን ልቡ ውስጥ ያለው ነው የሚወጣው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ፈት መሆኔን ለእናትህ ነግረሃቸዋል ወይስ አልነገርሃቸውም? «በዘዴ» አትበለኝ። አዎ ወይም አይደለም በለኝ።

እሽጉን መልሼ ልኬልሃለሁ። አሁን እሽግ አይደለም፤ እኔ ከፍቼዋለሁ። ባለሱቁ አልቀበልም ካለህ ምን እንደሚመስል ታየዋለህ።

ሳጂዳ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ሳጂዳ፣

ይቅርታ። በአላህ ስም ይቅርታ። እንዲህ አስቤ እንዳልጻፍሁት አንቺው ራስሽ ጽፈሻል፤ በዚያ ተጽናናሁ። ባለሱቁ እውነትም አልቀበልም አለኝ። «ወንድሜ፣ የተከፈተ ዕቃ ማን ይገዛኛል?» ሲለኝ ቃልሽ ትዝ አለኝና መሬት በዋጠችኝ አልሁ።

ባለ ኬውን አግኝቼዋለሁ። ከሌላ ማሽን የወጣ ነው፤ እሽግ አልተገኘም። የሸጠልኝ ሰው ዓይኔ እያየ ሰክቶ አሠርቶታል። «ይህንን የሚያዝ ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ማን ነው?» ሲለኝ «እጮኛዬ ናት» አልሁት፤ ኮራሁብሽ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አይደለም ነው። አልነገርኋትም። እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው። እናቴን አታውቂያትም። «ለልጄ ልጃገረድ ነው የማጭለት» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ከተቆጣች ደግሞ በሽታዋ ይነሣባታል። ለኔ ለራሴ ምንም አይመስለኝም፤ ችግሩ የሷ ነው። ከኒካሑ በኋላ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። ያኔ ምን ታደርጋለች? ትቆጣና ይበርድላታል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪ። ሽማግሌዎቼ ደምበጫ ለለቅሶ ይሄዳሉ። ማርቆስን አልፈው ስለሆነ ጋሽ ጀማለዲን ቤት ጎራ እንዲሉ ለምኛቸዋለሁ። ፕሮሰሰሩንም ይዘውልሽ ይመጣሉ። መንገዱ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ይህ ዕድል ካመለጠን መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። እባክሽ በነሱ ፊት ያንን ነገር አታንሺው። ይህ ደብዳቤ ከነሱ ቀድሞ እንዲደርስሽ ቢተውን አደራ ብዬዋለሁ።

ዑበይዱላህ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዑበይዱላህ፣

ደብዳቤህ ከሽማግሌዎቹ በኋላ ነው የደረሰኝ። ቀድሞ ቢደርስም የማደርገውን አይለውጠውም ነበር። እነሱ ምን ብለው እንደነገሩህ አላውቅም፤ የሆነውን ከኔ ስማ።

አጎቴ ሳያስቡት በራቸው ላይ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ሲያዩ መርዶ ሊያረዱ የመጡ መስሏቸው ደነገጡ። ገብተው ከተቀመጡና ሰላምታው ካለቀ በኋላ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ጋሽ ጀማለዲን፣ ለልጃችን ልጃገረድ ልጃችሁን ፈልገን ከደጃችሁ መጥተናል» አሉ።

አጎቴ ወደ ጓዳ ዞረው፣ «ሳጂዳ! እዚህ ቤት ልጃገረድ አለች እንዴ? እኔ ሳላውቅ የገባች?» አሉ።

ቀልደው ሊያሳልፉት ነበር። ሽማግሌው ግን ቀልዱ አልገባቸውም። «ኧረ እሷኑ ነው! ሳጂዳን ነው ያልነው!» አሉ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሴቷ ጓዳ መቀመጥ እንዳለባት አውቃለሁ። ወጣሁ። እጅ ነሥቼ፣ «አባቶቼ፣ እኔ አግብቼ የተፈታሁ ሴት ነኝ። የላካችሁ ሰው ይህንን ከመጀመሪያው ያውቃል» አልኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ አጠገባቸው ወዳሉት ዘንበል ብለው «ታዲያ እኛን ለምን ልጃገረድ በሉ አለን?» ሲሉ ሰማሁ። ያኛው ደግሞ ከኪሳቸው የተጠቀለለውን ዕቃ አውጥተው ግራ ተጋብተው ያዙት። «ይህስ ይመለስ ይሆን?» አሉኝ። «እሱ የኔ ነው፤ አዝዤው ነው» ብዬ ተቀበልኋቸው።

ምሳ በልተው ነው የሄዱት፤ ሽማግሌ ከጀማለዲን ቤት ጾሙን አይወጣም። ግን ጉርሻውን ሲውጡ ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም። አጎቴ ከዚያ ቀን ወዲህ መስጊድ የሚሄዱት በገበያው በኩል መሆኑ ቀርቶ ዙሪያ ጥምጥም በሆነው መንገድ ነው። እኔን ብቻ አይደለም ያዋረድኸው። ያን የመሰሉ ሽማግሌዎች ውሸት አሸክመህ ዓባይን አሻገርሃቸው፤ ሲሸከሙት ውሸት መሆኑን እንኳ አላወቁም።

«አትላክ» ብዬህ ነበር። በጽሑፍ።

ዕቃው ጥሩ ነው። ፍጥነቱን ትንሽ በትንሽ ጨመርሁለት። ሲበዛበት ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ መለስ አደረግሁለት፤ አሁን ሳይግል ይሮጣል። የአቶ ዘመነን ሠርግ ሻይ ጠጥቼ ሳልመለስ አገባደደው። ዋጋውን በቢተው እጅ ልኬልሃለሁ። ከዚህ ወዲያ ስጦታ አትላክልኝ።

ስለ እናትህ ጤና ጽፈህልኛል። ልባቸው የሚታመም ከሆነ ከሽማግሌዎቹ ሰምተው እንዳይታመሙ ብዬ እኔው በቀስታ ጽፌላቸዋለሁ። ቢተው በእጃቸው ይሰጣቸዋል። አንተ በመካከሉ የለህበትም።

ሳጂዳ


አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳጂዳ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ፊደሌ ስለተንጋደደ ይቅር በይኝ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው የተማርሁት፤ ከዚያ ወዲህ የእድር ስም ከመመዝገብ በቀር ብዕር አልያዝሁም። ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ ግን አልፈለግሁም።

ስለ ልቤ ሕመም መጠየቅሽ አላህ ይስጥሽ። ምን ልብ? ትናንት በርበሬ አስፈጭቼ ጆንያውን ከወፍጮ ቤት በራሴ ጀርባ አስገባሁት። ማነው በሽተኛ ያደረገኝ?

«ፈት መሆኔን ከኔ አፍ መስማት ነበረብዎት» ብለሽ ይቅርታ ጠየቅሽኝ። ልጄ፣ እኔማ ካወቅሁ ቆየሁ። ዑበይዱላህ ስምሽን ያነሣልኝ ጊዜ ሉማሜ ያለችውን እህቴን አስጠየቅሁ። «ጎበዝ ነጋዴ ናት፤ አንዴ አግብታ ተፈትታለች፤ ያሳደጋት አጎቷ ጨዋ ነው» ብላ ላከችብኝ። ለልጄ ስነግረው «አውቃለሁ» አለኝ። ምን ይከፋኛል? ሰው ከሰው አልስማማ ሲል ይለያያል፤ አላህ የፈቀደውን እኔ ምን አግብቶኝ እከለክላለሁ? «ይሁን፤ ሽማግሌ ላክ» አልሁት። ይህ የሆነው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንድ ቀን መጥቶ «እማ፣ ሰው ቢጠይቅሽ እንደማታውቂ ሁኚ» አለኝ። «ለምን?» ስለው፣ «ለሱቅ ጎረቤቶቼ ልጃገረድ ነው የማገባው ብያለሁ፤ ከሰሙ ይስቁብኛል» አለ። «እንግዲያው የሱቅ ጎረቤቶችህን አግባ!» ብዬ አባረርሁት። የተወው መስሎኝ ነበር። ለካስ እኔን እንደ ጋሻ ከፊቱ አቁሞኝ ኖሯል። ደብዳቤሽ ላይ እንዳነበብሁት እሽግ በረካ አለው አልሁ? ካርቶን አሳይቶኝም አያውቅ። ለልጄ ልጃገረድ ካልሆነ አልሁ? አባቱስ እኔን ፈት ሆኜ ሲያገባኝ ማን ምን አለ? በስሜ ብዙ ተናግሯል፤ በኔ አፍ አንቺን ሰድቧል።

ወልጄዋለሁ፤ ምን አደርገዋለሁ። «አግቢው» አልልሽም። «አታግቢው»ም ከእናት አፍ አይወጣም። ያፈረብሽ ማን እንደሆነ ግን ሳታውቂ እንዳትቀሪ ብዬ ነው የጻፍሁት።

እኔ ግን አንቺን ማየት እፈልጋለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ልምጣ? ብቻዬን።

እናትሽ ሀጀራ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዑበይዱላህ፣

«እናቴ ምን ብላ ጻፈችልሽ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አንድ ቤት ነው የምትኖሩት፤ ጠይቃቸው።

«የሰማሽው ሁሉ ውሸት ነው» ትላለህ። ምን እንደሰማሁ ሳታውቅ ውሸት መሆኑን እንዴት አወቅህ?

እናትህ ፈትን የማይወዱ ሴት ቢሆኑ ኖሮ እታገሥ ነበር። ሥራዬን አይተው፣ አመሌን ቀምሰው አንድ ቀን ልባቸው ይመለሳል ብዬ እጠብቅ ነበር። ለዚህ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ለአንተ ግን አልተዘጋጀሁም። ያፈርኸው በሱቅ ጎረቤቶችህ ፊት ነው። እነዚያን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ስማቸውንም አልሰማሁም። ባገባህ ግን ዕድሜ ልኬን ከኔ ጋር ሊቀመጡ ነበር፤ በሳቁ ቁጥር አንተ ወደኔ ልትዞር ነበር።

የመጀመሪያው ባሌ የፈታኝ በቀን፣ ምስክር አስቀምጦ፣ ምክንያቱንም ተናግሮ ነው። ደግ ሰው ነበር አልልህም። ግን ፈታሁሽ ሲለኝ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው። አንተ ግን ናፈቅሽኝ እያልህ እየጻፍህ በጀርባዬ በየቀኑ ስትፈታኝ ከረምህ።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ ሌላ መልስ አትጠብቅ። አላገባህም። ሁለተኛ ሽማግሌ አትላክ። ለቅሶ አለን፣ ሠርግ አለን፣ በዚያው አልፈን ነው ቢሉም በአጎቴ በር አይምጡ። የኮምፒውተር ዕቃም የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ የተጻፈለትን ያነብባል፣ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ከዚያ ሌላ ስለ እሱ የማውቀው ነገር የለም፤ ይበቃኛል።

እናትህ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። በቢተው መኪና ቦታ ይዤላቸዋለሁ። በመስኮት በኩል አስቀምጣቸው፤ ዓባይ በረሃ ላይ ይሞቃቸዋልና ውኃ ያዝላቸው። እኔና አጎቴ መናኸሪያ ወጥተን እንቀበላቸዋለን። አጎቴ «በገበያው መኻል ነው ይዤያቸው የምመጣው፤ ሰው ሁሉ ይይ» ብለዋል። ስንት ቀን እንደሚቆዩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አንተ መኪናው እስኪነሣ ቁምና ወደ ሱቅህ ተመለስ። እናትህ ወዴት እንደሄዱ ጎረቤቶችህ ሲጠይቁህ፣ ለነሱ የሚስማማውን ንገራቸው።

ሳጂዳ